ክትባት በስንት ሰዓት? የሰውነት ውስጥ ሰዓትና በሽታን የመከላከል ኀይል

አውራ ዶሮ ንጋትን የሚያበሥረው ብርሃን አይቶ ነው የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ነገር ግን በጨለማ ቤት ተዘግቶ ያደረ ዶሮ እንኳ ጎሕ ከመቅደዱ አስቀድሞ እንደሚጮኽ ዶሮ ያረባ ሁሉ ያውቀዋል። ይህንኑ ነገር በጃፓን አገር የናጎያ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት መርምረው በ2013 ዓ.ም. አስታውቀዋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በኤውሮፓ አቆጣጠር፥ ሰዓቶቹ ግን በአገራችን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።) ዶሮዎቹን ቀንና ሌሊት በማይለዋወጥ ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ ቢያኖሯቸው፥ ንጋት የሚባል ነገር ሳያዩ በየ24 ሰዓቱ ገደማ ጊዜያቸውን ጠብቀው ይጮኹ ነበር። ስለዚህ ጩኸቱን የሚያዘው በውጭ የሚታየው ብርሃን ብቻ ሳይሆን በዶሮው ሰውነት ውስጥ ያለ ሰዓት ነው ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ሰዓት የዶሮ ብቻ አይደለም። በሰውም፥ በከብትም፥ በንብም፥ በአትክልትም ዘንድ አለ። በሰውና በሌሎች አጥቢ እንስሳት ዋናው ሰዓት የሚገኘው በአንጎል ግርጌ፥ ከሁለቱ ዐይኖች የሚመጡት ነርቮች ከሚተላለፉበት ቦታ ጥቂት ከፍ ብሎ ነው፤ በሰው ላይ 20000 ያህል ሕዋሳት የተሰበሰቡበት፥ ከስንዴ ቅንጣት የማይበልጥ ነገር ነው። በ1972 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር የነበሩ ተመራማሪዎች ይህን ቦታ በአይጦች አንጎል ውስጥ ቢያጠፉት፥ አይጦቹ የሥራቸውና የዕረፍታቸው ጊዜ ተዘበራረቀባቸው። ከዚህ ዋና ሰዓት ሌላ በጉበት፥ በልብ፥ በነጭ የደም ሕዋሳትም ውስጥ ሳይቀር ትናንሽ ሰዓቶች አሉ፤ ዋናው ሰዓት እንደ ደብር ደወል ሲደውል እነዚህ ይከተሉታል። ሰዓቱ በሕዋሳት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ በፍራፍሬ ዝንብ ላይ መርምረው ያስረዱት ሦስት አሜሪካውያን፥ ጄፍሪ ሆል፥ ማይክል ሮዝባሽና ማይክል ያንግ፥ በ2017 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

የሰው ሰዓት ለብቻው ቢተው ልክ 24 ሰዓት አይሞላም፤ ከዚያ ጥቂት ያልፋል። ስለዚህ በየቀኑ የሚያቃናው ያስፈልገዋል። ከሁሉ ይልቅ የሚያቃናውም በዐይን የሚገባው ብርሃን፥ በተለይም የጧቱ ብርሃን ነው። በዚህ በኩል የአገራችን የሰዓት አቆጣጠር ከተፈጥሮ ጋር ይስማማል ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ኤውሮፓውያን ቀናቸውን ሰው ሁሉ ከተኛበት ከእኩለ ሌሊት ሲጀምሩ፥ እኛ ከፀሐይ መውጣት እንጀምራለን። አገራችንም ለምድር ወገብ ቅርብ ስለ ሆነች፥ በአዲስ አበባ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት 1 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በሰሜን ኤውሮፓ በክረምት ብርሃን አጥቶ የሚሠቃየው ሰው ያጣውን መመሪያ፥ የእኛ ገበሬ ከደጁ ሲወጣ ዓመቱን ሙሉ ያገኘዋል።

አሁን ወደ ክትባት እንምጣ። የሰዓት ነገር ከበሽታ መከላከል ጋር ምን ያገናኘዋል? ይህን ጥያቄ አስቀድመው ካነሡት አንዱ በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ፍራንዝ ሃልበርግ ነው። በ1959 ዓ.ም. «ሰርካዲያን» የሚለውን ስም ያወጣው እርሱ ሲሆን፥ ትርጓሜው በላቲን ቋንቋ «አንድ ቀን ያህል» ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሃልበርግና ጓደኞቹ ያሳተሙት ሥራ ብዙ ሰው ያስደነቀ ነበር። ዕድሜያቸውና አያያዛቸው አንድ የሆነ አይጦችን በየቡድኑ ለይተው፥ ከባክቴሪያ የወጣ መርዝ በልክ እየመጠኑ በተለያየ ሰዓት ወጓቸው። መርዙ አንድ፥ ልኩ አንድ፥ አይጡም አንድ ዓይነት ሳለ፥ በአንዱ ሰዓት ከተወጉት አብዛኞቹ ሲሞቱ፥ በሌላው ሰዓት ከተወጉት አብዛኞቹ ተረፉ። ልዩነቱ የሰዓት ብቻ ነበር። እንግዲህ ሰውነት ከውጭ ለሚገባበት ነገር የሚሰጠው መልስ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ታወቀ።

ክትባት ደግሞ የተገራ በሽታ ነው። የሞተ ወይም የደከመ ተሕዋስ፥ ወይም ከእርሱ የተወሰደ ጥቂት ክፍል፥ ወደ ሰውነት ይገባል፤ ጠባቂዎቹ ሕዋሳት ይህን እንግዳ ይይዙና ወደ ዕጢዎች ያደርሱታል። እነዚህ ዕጢዎች ቁስል በተነሣ ጊዜ በብብትና በብሽሽት አብጠው ንፍፊት የምንላቸው ናቸው። በዕጢዎቹም ውስጥ ሌሎች ነጭ የደም ሕዋሳት እንግዳውን ለይተው ያውቁታል፥ ይባዛሉ፥ ሐኪሞች አንቲቦዲ የሚሉትን ፀረ እንግዳ አካል ያመነጫሉ። የእውነተኛው በሽታ ተሕዋስ አንድ ቀን ቢመጣ ደጁ ላይ የሚጠብቀው ይህ ነው።

ነገሩ የሚያስገርመው ግን እነዚህ ሕዋሳት በአንድ ቦታ የማይቀመጡ መሆናቸው ነው። እንደ ሠራተኛ ፈረቃ አላቸው። በሰው ደም ውስጥ የአንዳንዶቹ ሕዋሳት ቍጥር በሌሊት ይበዛል፤ ንጋት ሲቃረብ ኮርቲዞል የተባለው ሆርሞን ከኩላሊት በላይ ካሉት ዕጢዎች በብዛት ሲፈስ፥ ከደም ወጥተው ወደየሥራ ቦታቸው ይሄዳሉ። በ2017 ዓ.ም. በአይጦች ላይ የታተመ ምርመራም ሕዋሳቱ ወደ ንፍፊት ዕጢዎች የሚገቡበትና የሚወጡበት ሰዓት የተወሰነ መሆኑን፥ የሰውነት መልስም ይህንኑ ተከትሎ እንደሚጠነክርና እንደሚደክም አሳይቷል። ገበያ በሞላ ጊዜ የደረሰ ዕቃ ቶሎ ገዢ ያገኛል፤ ገበያው ከተበተነ በኋላ የደረሰ ግን ሲንከራተት ይውላል። ክትባቱም እንደዚሁ ይመስላል።

ለመሆኑ ይህ በሰው ላይ ተፈትኖ ታይቷልን? ታይቷል። በእንግሊዝ አገር የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ24 የሕክምና ጣቢያዎች ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 276 ሰዎች የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ሲከተቡ ተከታተሉ። ጣቢያዎቹ በዕጣ ተለይተው፥ እኩሌቶቹ ከጧቱ 3 እስከ 5 ሰዓት፥ እኩሌቶቹ ከቀኑ 9 እስከ 11 ሰዓት እንዲከትቡ ተደረገ። ከአንድ ወር በኋላ ደማቸው ሲመረመር፥ ክትባቱ ከያዛቸው ሦስት የኢንፍሉዌንዛ ዓይነቶች በሁለቱ ላይ በጧት የተከተቡት ብዙ ፀረ እንግዳ አካል አፍርተው ተገኙ፤ በሦስተኛው ግን ልዩነት አልታየም። ይህ ሥራ በ2016 ዓ.ም. ታተመ። ሽማግሌዎችን መምረጣቸው በከንቱ አይደለም። ሰው ሲያረጅ ከክትባት የሚያገኘው ጥቅም ስለሚቀንስ፥ አንዲት ሳንቲም ሳይወጣ ሰዓት በመለወጥ ብቻ ጥቂት ኀይል ማከል ከተቻለ እንደ ትርፍ የሚቈጠር ነው። ነገር ግን የተለካው በደም ውስጥ ያለው ፀረ እንግዳ አካል እንጂ ከመታመም የዳነው ሰው ቍጥር አለመሆኑን መርሳት አይገባም። ሁለቱ ይቀራረባሉ እንጂ አንድ አይደሉም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚጠቀሰው የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ የሆነው ቢሲጂ ነው። በሆላንድ አገር በናይሜኽን ከተማ የተደረገና በ2020 ዓ.ም. የታተመ ምርመራ፥ በጧት የተከተቡ ጐልማሶች በማታ ከተከተቡት ይልቅ የመከላከያ ሕዋሳታቸው ንቁ ሆነው እንደ ተገኙ አመልክቷል። ይህን ያነበበ የጤና ሠራተኛ «እንግዲያው የአገራችን ሕፃናት ሁሉ ቢሲጂን በጧት ይከተቡ» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ቢሲጂ በአገራችን የሚሰጠው ገና ለተወለደ ሕፃን ነው። አራስ ልጅ ደግሞ ቀንና ሌሊትን እንደማይለይ፥ በሌሊት ነቅቶ ቤተ ሰቡን ሁሉ ሲያስነሣ የምታድር እናት ከማንም ይልቅ ታውቃለች። የሕፃን የመኝታና የመንቂያ ሥርዓት መታየት የሚጀምረው ከ2 እስከ 3 ወር ገደማ ነው። ሰዓቱ ገና ላልተቃናለት ሕፃን የጐልማሶችን ሰዓት መምረጥ፥ ጐሕ ያልቀደደበትን ቀን ረፍዷል እንደ ማለት ነው።

በኮቪድ 19 ወረርሽኝ ዘመን በብዙ አገር ብዙ ሕዝብ በአጭር ጊዜ ስለ ተከተበ፥ ነገሩን ለመመርመር ምቹ ጊዜ ተገኘ። ውጤቱ ግን አንድ አልሆነም። በቻይና የሞተ ቫይረስ ያለበትን ክትባት የተከተቡ ጥቂት የጤና ሠራተኞች ሲመረመሩ ጧት በለጠ። በእንግሊዝ አገር 2190 የጤና ሠራተኞች ሲመረመሩ ደግሞ፥ ከቀትር በኋላ የተከተቡት ብዙ ፀረ እንግዳ አካል ነበራቸው። በእስራኤል ከ1 ሚሊዮን ተኩል የሚበልጡ ሰዎች መዝገብ ተመርምሮ በ2023 ዓ.ም. የወጣው ጽሑፍ፥ ክትባቱን ረፋዱ ላይና ከቀትር በኋላ ወዲያው የተከተቡት በኋላ በበሽታው የመያዛቸው ነገር ከሌሎቹ አነስተኛ እንደ ነበረ ይናገራል፤ እጅግ በማለዳና በምሽት የተከተቡት ግን ይህን ያህል አልተጠቀሙም። ይህ የመጨረሻው ምርመራ በሕዝቡ ብዛት የሚመካ ቢሆንም፥ ሰዎቹ ሰዓታቸውን የያዙት በዕጣ አይደለም። ረፋድ ላይ ለመምጣት የሚችልና ከሥራ ሲወጣ በምሽት የሚመጣ ሰው በኑሮው፥ በዕድሜው፥ በጤናውም ይለያያል፤ ከልዩነቱ የትኛው ክፍል የሰዓት፥ የትኛው የኑሮ እንደ ሆነ መለየት ቀላል አይደለም።

በዚህ ጸሐፊ አሳብ ከእነዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ ይህ ነው። የሰውነት ሰዓት በክትባት ላይ ሥራ መሥራቱ እውነት ነው። ዳሩ ግን ለክትባት ሁሉ የሚሆን አንድ የተባረከ ሰዓት አለ ማለት አይቻልም፤ እንደ ክትባቱ ዓይነትና እንደ ተከታቢው ዕድሜ ይለያያል። ይህን ወሬ ሰምቶ «ጧት ካልሆነ አልከተብም» ብሎ ቀጠሮውን የሚያሳልፍ የከተማ ሰው ቢኖር፥ ጥቂት ለማትረፍ ሲል ዋናውን የከሰረ ነጋዴን ይመስላል።

ከሰዓቱ ይልቅ ጉልህ ሆኖ የሚታየው እንቅልፍ ነው። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የተደረገና በ2002 ዓ.ም. የታተመ ምርመራ፥ በየሌሊቱ 4 ሰዓት ብቻ እየተኙ ለጥቂት ቀናት የሰነበቱ ወጣቶች የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ቢከተቡ፥ ከ10 ቀን በኋላ ያፈሩት ፀረ እንግዳ አካል እንደ ልማዳቸው ከተኙት ከግማሽ በታች ሆኖ ተገኘ፤ ይህ ልዩነት ግን ከሳምንታት በኋላ ጠፍቷል። በሚቀጥለው ዓመት በጀርመን አገር በሊዩቤክ ከተማ፥ የጉበት በሽታን የሚከላከለው የሄፓታይተስ ኤ ክትባት በጧት ለ19 ሰዎች ተሰጠ፤ ከፊሎቹ በዚያው ሌሊት ተኙ፥ ከፊሎቹ ሳይተኙ አደሩ። ከ4 ሳምንት በኋላ የተኙት ፀረ እንግዳ አካል ካልተኙት እጥፍ ለመሆን ጥቂት ቀረው። እንግዲህ ሌሊቱን ሲጠብቅ ያደረ ዘበኛ፥ ከተረኛነት የወጣች ነርስ፥ ወይም አዝመራውን ከዝንጀሮና ከከርከሮ ለመጠበቅ ማማ ላይ ያነጋ ገበሬ የሚከተብበትን ቀን መምረጥ የሚችል ከሆነ፥ ተኝቶ ካደረበት ሌሊት በኋላ ቢያደርገው፥ በተከተበበትም ሌሊት ቢያርፍ መልካም ነው። ካልቻለ ግን ይከተብ።

የከብት ባለቤቶች ደግሞ «ለበሬዬና ለላሜስ?» ማለታቸው አይቀርም። በዚህ ረገድ መጠንቀቅ ያሻል። በሰዓት ላይ ያለን ዕውቀት አብዛኛው የመጣው ከሰውና ከአይጥ ነው። አይጥ የሌሊት እንስሳ ናት፤ ለእርሷ ሌሊቱ ቀን፥ ቀኑ ሌሊት ስለ ሆነ፥ በአይጥ የታየውን ሰዓት እንዳለ ወስዶ ለበሬ መስጠት ስሕተት ነው። ሆኖም የእንስሳት ሐኪሞች ከብት በማለዳ እንዲከተብ የሚመርጡበት ሌላ በቂ ምክንያት አላቸው። መንጋው ወደ ግጦሽ ከመሠማራቱ በፊት በበረት ተሰብስቦ ይገኛል፤ አየሩ ቀዝቃዛ ስለ ሆነ መድኃኒቱ በሙቀት አይበላሽም፤ ከብቱም ገና ስላልተሯሯጠና ስላልተጠማ እንደ ልብ ይያዛል። ሲባረር የዋለና የደነገጠ እንስሳ ደሙ በኮርቲዞል የተሞላ ስለሚሆን ክትባቱን እንደሚገባ አይቀበልም። ዶሮን ፈንግል ከተባለው በሽታ ለመጠበቅ በዐይን የሚንጠባጠበው ክትባት ደግሞ፥ ማታ ቆጥ ላይ ከሰፈሩ በኋላ ወይም ጧት ከመለቀቃቸው በፊት ቢሰጥ ይመረጣል። ቀን በየጓሮው ዶሮ ሲያሳድዱ መዋል ለከታቢውም ለዶሮውም ድካም ነው።

በአገራችን የክትባትን ጊዜ በማወቅ የተገኘ ትልቅ ድል ቢኖር ደስታ የተባለው የከብት በሽታ የጠፋበት ነው። ይህ በሽታ በ1880ዎቹ መጨረሻ ገብቶ የአገሩን ከብት ሲፈጅ፥ ክፉ ቀን የሚባለው ራብ ተከትሎ ብዙ ሕዝብ ማለቁ የታወቀ ነው። ዋልተር ፕላውራይት በኬንያ በሙጉጋ ያዘጋጀው ክትባት ጥሩ መድኃኒት ቢሆንም በረዶ ይፈልግ ነበር፤ በረዶ ደግሞ በአፋር በረሓ ከየት ይመጣል? በኋላ ጄፍሪ ማሪነር ያለ በረዶ ለሳምንታት የሚቆይ ክትባት አዘጋጀ። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ከአርብቶ አደሩ መካከል ተመርጠው የተማሩ ሰዎች ይህን ክትባት ይዘው መንጋው በሚሄድበት እየሄዱ፥ ከብቱ በሚሰበሰብበት ሰዓት ከተቡ። በአፋር በሽታው ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1995 ዓ.ም. ነበር። ኢትዮጵያ በ2008 ዓ.ም. ከበሽታው ነፃ ተባለች፤ በ2011 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። እነዚያ ከታቢዎች የጠበቁት የአንጎልን ሰዓት ሳይሆን የመንጋውን ሰዓት ነው።

ሌላም የማይታለፍ ሰዓት አለ፤ እርሱም የብልቃጡ ነው። የቢሲጂና የኩፍኝ ክትባት በደረቅ ዱቄት መልክ ይመጣል። በመበጥበጫው ውሃ ከተበጠበጠ በኋላ ግን በቀዝቃዛ ተይዞ 6 ሰዓት ብቻ ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ፥ ወይም የዕለቱ የክትባት ሥራ ቀድሞ ካለቀ በዚያን ጊዜ፥ የተረፈው ይጣላል። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ሕፃናት የሚሆን ስለ ሆነ፥ ለአንድ ሕፃን መክፈት ማባከን መስሏቸው «ሌሎች እስኪመጡ ቆዪ» ወይም «በሌላ ቀን ተመለሺ» የሚሉ ከታቢዎች አይጠፉም። ሩቅ አገር አቋርጣ የመጣች እናት ከተመለሰች ግን ሁለተኛ ለመምጣቷ ዋስ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሕፃንም ቢሆን ብልቃጥ እንዲከፈት ይመክራል።

የወረዳ ሹማምንትና የጤና ጣቢያ ኀላፊዎች የዘመቻ ቀን ሲወስኑ፥ ማንም ሳይጐዳ ሰዓት ለመምረጥ የሚችሉ ከሆነ፥ ለሽማግሌዎች የሚሰጠውን የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ከጧቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ቢያደርጉት ማስረጃው ይደግፋቸዋል። በገበያ ቀን ግን ሕዝቡ ጧት ዕቃውን ሲሸጥ ስለሚውል፥ የክትባቱ ጠረጴዛ ከሰዓት በኋላም ሊቆይ ይገባል። ልጇን አዝላ ከቀኑ 10 ሰዓት የደረሰች እናትም ብትሆን፥ ልጇ ያን ጊዜውኑ ተከትቦ፥ ካርዱ ላይ የሚቀጥለው ቀጠሮ ተጽፎላት ትመለስ።